የእትዬ ዘርትሁን ቸርኬዎች

ጥቅምት 3፣ እሑድ

ዛሬ የመኪና ቁልፍ ተሰጠኝ። የእኔ መኪና አይደለችም... የእትዬ ዘርትሁን ናት። የሃኒ እናት። አማቴ።

ሃኒን ካገባሁ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ እትዬ ዘርትሁን አንድ ቀን «አንተ» ብለውኝ አያውቁም። ሁልጊዜ «እርስዎ»። በልጃቸው ዕድሜ ያለሁትን ሰውዬ! «አክብሮት እንዳይመስላችሁ፣ አጥር ነው» ትላለች ሃኒ ራሷ ለጓደኞቿ ስታወራ። ብዙ ጊዜማ በቀጥታም አያናግሩኝም። አጠገባቸው ተቀምጬ፣ «ሃኒ፣ ባለቤትሽ ሻይ ይጨመርላቸው እንደሆን ጠይቂያቸው» ይላሉ።

ጥፋቴ ምን ነበር? ሽማግሌ የላክሁ ዕለት ሽማግሌዎቼ ታክሲ ሲጋፉ ሁለት ሰዓት አረፈዱ። እትዬ ዘርትሁን ደግሞ መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት ታይፒስት ሆነው ሲሠሩ አንድ ጠዋት አርፍደው የማያውቁ ሴት ናቸው። በዚያ ላይ እኔ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት አምና ነው። በሠላሳ ስድስት ዓመቴ። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ... ካርታ ላይ እንጂ መንገድ ላይ አልታወቅም።

ግን ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ለበሰ። የቀኙ ቀዶ ሕክምና ለጥቅምት 19 ተቀጥሯል። እስከዚያ መንዳት አይችሉም። ሃኒም አትነዳም። ስለዚህ... ማን ቀረ? እኔ፣ ምንያህል።

ጠዋት ከመሪ ተነስቼ በመገናኛ አድርጌ የካ ወጣሁ። ቤታቸው ከሚካኤል በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ባሕር ዛፉ ሥር ቆማለች። ነጭ ኮሮላ ዲኤክስ። ከእኔ ትበልጣለች። ቆርቆሮዋ እዚህም እዚያም ተጠግኖ ተቀብቷል። ቸርኬዎቿ ግን! አሉሚኒየም፣ አምስት አምስት ጣት ያላቸው፣ ድሮ ሰው ቆሞ ያያቸው ነበር የሚባሉ...

«በሰማንያ ሰባት በዕቁብ የገዛኋቸው ናቸው» አሉ። ለእኔ ሳይሆን ለመኪናዋ የሚነግሩ ይመስል ነበር። «ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቁም ሳጥን ግዢበት አለ። እኔ ቸርኬ ገዛሁበት። ሁለት ወር አኮረፈኝ።»

ከዚያ ትእዛዙ። «ከመነሳትዎ በፊት አራቱንም ገፋ ገፋ ያድርጓቸው።» የቸርኬውን መሐል የሚሸፍነውን ክብ ክዳን ማለታቸው ነው። የስኒ ማስቀመጫ ያህላል። አራቱም ልል ናቸው፣ ሲነኩ ይንቀጫቀጫሉ። እሳቸው እየዳበሱ መኪናዋን ዞሩ። እያንዳንዱ ጎማ ጋ ጎንበስ፣ በመዳፍ ጫን፣ ቀጭ። ማታ ብርድ ልብስ የገለጡ ልጆችን የሚያለብሱ ነው የሚመስሉት።

«ለምን አይሠሩም?» አልኩ።

«ስንቱ ሞከረ! አንዱ ጎሚስታ በመዶሻ ደበደበው። አንዱ በማስቲሽ ለጠፈው፣ ፀሐይ ሲነካው ለቀቀ። መግፋት ይሻላል። እኔ እየገፋሁ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ።»

ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖሩት። ግን ቶሎ አልለቀቁትም።


ጥቅምት 5

ከትምህርት ቤት መልስ የካ። ሞተር አሞቅሁ። ወደ ኋላ ማርሽ አልገባ ብሎኝ ጮኸ። ከቤት ውስጥ ድምፅ መጣ... «ሃኒ! ባለቤትሽ መኪናዬን እየገደሏት ነው በያቸው!» ሃኒ እኮ እዚያ አልነበረችም።


ጥቅምት 7

ለምርመራ ወሰድኳቸው። ዓይናቸው ባያይም በጆሯቸው ይነዳሉ። «አሁን ሦስት ያስገቡ።» «ፍሬን ቀደም ብለው ይያዙ።» «ይሄ ቀለበት መንገዱ ነው፣ በግራ ይያዙ።» አንድም አልተሳሳቱም።

መገናኛን አልፈን ፈጠን ስል ከፊት በኩል ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። እምምም... የሚል፣ ንብ የሚመስል። «ይህ ድምፅ ምንድን ነው?» ስል እትዬ ሬዲዮኑን ከፍ አደረጉት። ዜና ይወዳሉ።


ጥቅምት 10፣ እሑድ

ዛሬ ምን ነካኝ?

እትዬ ከዓይናቸው ሕክምና በፊት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት መሳለም አለብኝ አሉ። ጠዋት ወጣን። አራቱን ክዳኖች እሳቸው ገፉ፣ እኔም ደግሜ ገፋሁ። ዳገቱን ዲኤክሷ እያቃሰተች ወጣችው። ቅዳሴ አስቀደሱ፣ ጸበል ጠጡ። ሲመለሱ ፊታቸው ፈታ ብሎ ነበር። «አየሩ ደስ ይላል» አሉኝ። ለእኔ! በቀጥታ! ሃኒ በሌለችበት!

ቁልቁለቱ ላይ ነው። ሁለተኛው መታጠፊያ ጋ ስደርስ ከግራ ፊት ጎማ «ጢንንን...» የሚል ነገር ሰማሁ። በመስታወት ሳይ አንድ የሚያብለጨልጭ ክብ ነገር አስፋልቱ ላይ እየተንከባለለ ወደ ዛፎቹ ሄደ። እንደ ሳንቲም። ከኋላዬ አይሱዙ አለ፣ ጡሩምባውን ይነፋል። መቆም አልቻልኩም።

«ምን ወደቀ?» አሉ።

እና እኔ... «ድንጋይ ነው እትዬ። ድንጋይ አፈናጠርን» አልኩ።

ለምን? ከአፌ ወጣ። ያቺን «አየሩ ደስ ይላል» ላለማጣት ይመስለኛል። ሦስት ዓመት ጠብቄ ያገኘኋት አንዲት ዓረፍተ ነገር...

ግቢ ስንደርስ መኪናዋን በግራ ጎኗ ከግድግዳው ጋር አጣብቄ አቆምኳት። እንዳይደርሱባት።

«ለምን አስጠጓት?»

«ለጥላው ነው» አልኩ። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ቀለለኝ። ይሄ ነው ያስፈራኝ።


ጥቅምት 11

ከትምህርት በኋላ እንጦጦ ወጣሁ፣ በታክሲና በእግር። መታጠፊያው ጋ ሣሩን፣ ቦዩን፣ የባሕር ዛፉን ቅጠል በዱላ እየገለጥኩ ፈለግሁ። ድንች ማሳው ላይ የነበረ ጋሮማ የሚባል ገበሬ መጥቶ ምን ጠፋህ አለኝ። በእጄ ክብ ሠርቼ አሳየሁት።

«እንዲህ የሚያበራ?»

«አዎ!»

«አለ። ግን አይሱዙ ሄዶበታል።»

ከአጥሩ ላይ አንስቶ ሰጠኝ። ቂጣ ሆኗል። ጋሮማ ፊቴን አይቶ አዘነልኝ መሰለኝ፣ «ሚስትህ የሰጠችህ ነው?» አለ።

«የሚስቴ እናት።»

«ዋይ!» አለ። ድንች ሊሰጠኝ ሁሉ ፈለገ።


ጥቅምት 13

ሶማሌ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫ ሰፈር። ቂጣውን ይዤ ሱቅ ለሱቅ። «የዚህ ቸርኬ ክዳን? ወንድሜ፣ ፋብሪካው ራሱ አለ ብለህ ነው?» አንዱ የሌላ መኪና ዓርማ ያለበት አዲስ ክዳን አወጣ፣ ልኩ ነው አለ። ገዛሁት። የካ ሄጄ ተሸሽጌ ሞከርኩት። ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ወደቀ። በሁለት ሚሊ ሜትር አነሰ... ሁለት ሚሊ ሜትር ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ዛሬ ገባኝ። ተማሪዎቼን በካርታ መለኪያ ሳስጨንቅ ኖሬያለሁ፣ ይበለኝ።

እትዬ ከበረንዳው፣ «ማን ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ እትዬ። ጎማ እያየሁ ነው።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። ምስጋናቸው ወጋኝ።


ጥቅምት 15

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ላምበረት ጋ ወዳለ ቶርኖ ቤት ላከኝ። ባለቤቱ ነጅመዲን ይባላሉ፣ ስድሳ ያለፋቸው፣ መነጽራቸውን በገመድ ያሰሩ። ብረት እየቀረጹ ነበር። የአራቱን ክዳኖች ነገር ነገርኳቸው፤ ቂጣውን አገላብጠው አዩት። ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙና ጀርባውን በአውራ ጣት ዳሰሱት።

«ይሄ ክዳን ከኋላ የሚይዘው ከንፈር ነበረው። ተሰብሯል። በመዶሻ የመታው ሰው አለ?»

«አለ ይላሉ።»

«በየት በኩል ነው የምትገፉት?»

«ከፊት።»

«በየት በኩል የሚገባ ይመስልሃል?»

እንጃ። ምን አውቄ?

«ከኋላ ነው። ጎማው ይፈታል፣ ክዳኑ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገባል፣ ከንፈሩ ይይዘዋል፣ ከዚያ ጎማው ይታሠራል። እናንተ በር ከውጭ ስትገፉ ነው የኖራችሁት።» ቂጣውን እንደገና ገለበጡት። «ግን ሦስቱ ልል ሆነው ሳይወድቁ ሲኖሩ፣ ይሄ አንዱ ለምን ወደቀ? ክዳኑን ተወው። መኪናዋን አምጣልኝ።»


ጥቅምት 17፣ እሑድ

ይህን እየጻፍኩ ደግሜ ደግሜ አቆማለሁ።

ጠዋት ለእትዬ «ጎማ ላስነፋ» ብዬ መኪናዋን ወሰድኩ። ሦስተኛው ውሸት። ነጅመዲን የፊቱን በክሪክ አነሱት። ጎማውን ላይና ታች ይዘው ነቅነቅ አደረጉት። ተንቀሳቀሰ... እንደሚነቀል ጥርስ። እኔን ቀና ብለው አዩኝ። ፈቱት።

መሐሉ ላይ ያለው የግራሶ ቆብ ግማሹ ወጥቷል፣ ጥቁር ግራሶ ተቃጥሎ ደርቋል። ከውስጥ ኩሽኔታውን አወጡ። ጎማው ያለ ችግር እንዲሽከረከር የሚያደርጉት ጥቃቅን ብረቶች ያሉበት ቀለበት ነው። ብረቶቹ ግማሾቹ ተሰብረዋል። መዳፋቸው ላይ አራገፉልኝ። እንደ ተፈጨ ጥሬ ጨው።

«ይሄ ሲያልቅ ጎማው ይወላገዳል። ሲወላገድ የግራሶውን ቆብ ያስወጣዋል። ቆቡ ደግሞ ክዳኑን ከኋላ ይገፋዋል። እናንተ ከፊት ትገፋላችሁ፣ እሱ ከኋላ። እሱ አሸነፈ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «በዚህ ነው ከእንጦጦ የወረድከው? ሰው ይዘህ?»

«አማቴን።»

«ወላሂ፣ አላህ ወዷችኋል። ትንሽ ቢሰነብት ጎማው ራሱ ነበር የሚሄደው። የወደቀው ክዳን እኮ እየጠራህ ነበር።»

የብረት ቁርጥራጭ ላይ ተቀመጥኩ። ውሃ ሰጡኝ። መኪናዋን እዚያው ትቻት በታክሲ ተመለስኩ። ሳምንቱን ሙሉ ቆጠርኩ። ከቁልቁለቱ በኋላ ሁለት ጊዜ እትዬን ሐኪም ቤት ወስጃለሁ። በዚያ ጎማ። በቀለበት መንገድ። ያን ቀን «ክዳን ወደቀ» ብዬ ብቆም ኖሮ፣ እሳቸው ሰው ጠርተው ያሳዩ ነበር... እኔ ግን ድንጋይ አልኩ።

ለሃኒ ነገርኳት። መጀመሪያ እጄን ያዘች። ቀጥሎ ተቆጣች። ከዚያ፣ «ለእማዬ ከማክሰኞ በፊት እንዳትነግራት። ደም ግፊቷ ከፍ ካለ ዓይኗን አይነኩላትም» አለች። እውነቷን ነው። ግን ማክሰኞ ጠዋት እጃቸውን ይዤ፣ «አይዞዎት እትዬ» እያልኩ... በየትኛው አፌ?


ጥቅምት 18

ነገርኳቸው።

ሃኒ በግድ ተስማምታ በረንዳ ላይ ደም ግፊት መለኪያውን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር፣ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናት፣ ታውቅበታለች። እኔ ሶፋው ጫፍ ላይ። ሁሉንም ተናገርኩ። ድንጋዩን። ግድግዳውን። የጎማ ማስነፋቱን። ኩሽኔታውን። እትዬ ሬዲዮናቸውን አጠፉ።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቁ።

«ከግድግዳው ያስጠጓት... እኔ በእጄ እንዳልደርስበት ነው?»

«አዎ እትዬ።»

«ክዳኑስ ይውደቅ። ኩሽኔታም ያልቃል፣ ብረት ነው። ዓይኔ ሲጠፋ በእጄ ነው የማየው። አንተ እጄን ነው ያሳወርክብኝ።»

አንተ አሉኝ። ሦስት ዓመት የጠበቅኳት ቃል። እንዲህ ሆና መጣች።

«ነገ ከልጄ ጋር በታክሲ እሄዳለሁ። እንዳትመጣ።»

ሃኒ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ደም ግፊቱን ለካችው። ደህና ነበር። የማን ደም ግፊት እንደጨመረ እኔ አውቃለሁ።


ጥቅምት 19

አትምጣ ተብያለሁ። ሄድኩ። ከሐኪም ቤቱ ማዶ፣ የጫማ ጠራጊዎቹ ወንበር ላይ። ጫማዬን ሦስት ጊዜ አስጠረግሁ። ስድስት ሰዓት ላይ የሃኒ መልእክት መጣ። «አለቀ። ደህና ናት።» ሰው ፊት እንባዬ መጣ። ልጁ፣ «ቀለሙ ነው ጋሼ፣ ዓይን ያቃጥላል» ብሎ ሸፈነልኝ። ይባረክ።


ጥቅምት 20

ፋሻው ተነሳ። ሃኒ ስትነግረኝ... መጀመሪያ ሐኪሙን አይተው፣ «ልጅ ነህ እንዴ? ድምፅህ የትልቅ ሰው ነበር» አሉት። ከዚያ ሃኒን አይተው፣ «ከስተሻል»። ከዚያ የራሳቸውን እጅ አገላብጠው ሲያዩ ቆዩ። ጥፍራቸውን፣ ደም ሥራቸውን።

ስለ እኔ? ምንም።


ጥቅምት 21

ምንም።


ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ስልክ ጮኸ። ስሙን ሳነብ አላመንኩም። እትዬ ዘርትሁን። ሦስት ዓመት በስልኬ ውስጥ የተቀመጠ፣ አንድ ቀን ደውሎ የማያውቅ ቁጥር።

«ያ ቶርኖ ቤት የት ነው?»

«ላምበረት ነው እትዬ።»

«ናና ውሰደኝ። በታክሲ።»

ጥቁር መነጽር አድርገው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። መነጽሩን ዝቅ አድርገው በቀኝ ዓይናቸው አዩኝ። ቀረብ ብለው። ደግመው።

«ሽበት አለህ እንዴ?»

«ትንሽ።»

«ሃኒ አልነገረችኝም። እኔ ጎረምሳ ነበር የመሰልከኝ።» አልሳቁም። ግን... አንተ አሉ። እንደዚያን ቀን አይደለም። የዛሬው ቁጣ አልነበረበትም።

ነጅመዲን ሥራቸውን አቁመው ወንበር ጠረጉላቸው። እትዬ አልተቀመጡም። «የወጣውን አሳዩኝ» አሉ። ነጅመዲን የተሰበረውን ኩሽኔታ በጨርቅ ጠቅልለው አኑረውት ነበር። እትዬ ብረቶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው አነሷቸው። ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ድምፅ ነበረው አይደል?» አሉ ነጅመዲንን።

«ይኖረዋል እመቤቴ። እንደ ንብ እም ይላል። ፈጠን ሲሉ።»

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። ሐኪሙ አቧራ ጋ አያውልቁ ብሏቸው ነበር።

«ዓመት ሆኖታል» አሉ። «ዓመት ሙሉ ሰምቼዋለሁ። አሳየው ይሆን ስል... መካኒኩ መኪናዋን ይዞ ይቆያል፣ ያኔ በምን እሄዳለሁ? ደግሞ፣ እርስዎ እንዴት አላዩትም ብሎ ይጠይቀኛል። ዓይኔም እየደከመ እንደሆነ ለማንም አልነገርኩም ነበር። ሬዲዮኑን ከፍ አደርገዋለሁ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ሃኒን አጠገቤ አስቀምጬ ቀለበት መንገድ ላይ ነድቻለሁ። ግማሽ አይቼ፣ ግማሽ ገምቼ። ያን ቀን ድምፁን ስትጠይቀኝም ሬዲዮኑን ከፍ ያደረግሁት ለዜናው አልነበረም።»

ነጅመዲን ብረት የሚፈልጉ መስለው ወደ ጓዳ ገቡ።

«እኔም ፈርቼ ነው እትዬ» አልኩ በመጨረሻ።

«ምን ፈራህ?»

«እርስዎን።»

«እኔን!» ደነገጡ። እውነት ደነገጡ። «እኔ ምን አደርግሃለሁ?»

«ያን ቀን አየሩ ደስ ይላል ብለውኝ ነበር። ድጋሚ እንዳይሉኝ ብዬ... ማለቴ፣ ድጋሚ እንዲሉኝ...» ተምታታብኝ። መምህር ሆኜ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃተኝ።

እትዬ ክንዴን ያዙ። ለመደገፍ መሰለኝ። ግን መሬቱ ለጥ ያለ ነበር። «ከእንግዲህ ድንጋይ ነው እንዳትለኝ» አሉ። «እኔም ሬዲዮን አልነካም።»

ከዚያ የአራት አዲስ ክዳኖች ሥራ ተጀመረ። ታይፒስትነታቸው ወጣ! የአራቱንም ቀዳዳ ዲያሜትር ከኋላ በኩል አስለኩ፣ በእስክሪብቶ አስጻፉኝ፣ አነበብኩላቸው፣ ደግመው አስለኩ። የግራ ኋላው በግማሽ ሚሊ ሜትር ይለያል። ነጅመዲን ተገረሙ። «እኔም ይህን አላየሁም ነበር።»

«አዲሶቹ ላይ ዓርማ ልሥራበት?» አሏቸው። «ስምዎትን? ኮከብ?»

«ምንም። ልሙጥ ይሁን። የማን እንደሆነች አውቃለሁ።»


ጥቅምት 28

ከትምህርት በኋላ ላምበረት። ነጅመዲን ቶርኖው ላይ ሦስተኛውን ክዳን ሲቀርጹ ቆሜ አየሁ። አሉሚኒየሙ እንደ ፀጉር እየተጠቀለለ ይወርዳል። ከኋላ ሰፋ ያለ ከንፈር፣ ከንፈሩ ሥር ቀጭን ቦይ፣ ቦዩ ውስጥ ጥቁር የላስቲክ ቀለበት። «ከንፈሩ እንዳይወድቅ፣ ላስቲኩ እንዳይንቀጫቀጭ። ጥልቀቱ ደግሞ የግራሶው ቆብ እንዳይነካው» አሉኝ። ለሁሉም ምክንያት አለው። የሚያውቅ ሰው እንዴት ደስ ይላል።

እትዬ ሁለት ጊዜ ደውለው ነበር። ለእኔ። «ላስቲኩ ሙቀት ይችላል ወይ ብለህ ጠይቅ።» ይችላል።


ኅዳር 1፣ እሑድ

ዛሬ ተገጠሙ። ሃኒም ሥራ ስላልነበራት ሦስታችን ሄድን። የፊት ኩሽኔታዎች ሁለቱም አዲስ። አራቱም ጎማ ተፈትቶ ክዳኖቹ ከኋላ ገቡ። ከዚያ ነጅመዲን ቦሎኖቹን እያጠበቁ ሳሉ፣ «ያኛውን እሱ ያጥብቀው» አሉ እትዬ። የግራ ፊቱን። በመስቀለኛ ቁልፍ፣ በሰያፍ በሰያፍ፣ ነጅመዲን እንዳሳዩኝ አጠበቅሁ። እጄ ላይ ቆመው እያዩ... በሁለት ዓይን መሰለኝ እንጂ በአንድ ነበር።

ሲያልቅ እትዬ እንደ ልማዳቸው ዞሩ። ጎንበስ፣ በመዳፍ ጫን። አልተንቀሳቀሰም። ሁለተኛው። ምንም። ሦስተኛው፣ አራተኛው። ቀና አሉና እጃቸውን አዩት።

«ታዲያ አሁን ጠዋት ጠዋት ምን ልሠራ ነው?» አሉ።

ሃኒ ሳቀች። እሳቸውም። ነጅመዲን ሻይ አስመጡ። ፀሐዩ ላይ፣ የብረት ቁርጥራጩ መሐል፣ አራታችን ተቀምጠን ጠጣን። ሻይ ይጨመርለት እንደሆን ማንም በማንም በኩል አልጠየቀኝም። እትዬ ራሳቸው ጨመሩልኝ፣ ያውም ሳልጠጣ። ስኳሩ በዛ። ጠጣሁት።


ኅዳር 12

ሚካኤል። ከንግሥ መልስ እትዬ ጎረቤታቸውን ሲያስተዋውቁኝ፣ «ምንያህል ነው፣ የእኛ» አሉ። የእኛ ምን? አልጨረሱትም። ጎረቤቷም አልጠየቀችም።


ኅዳር 19

ሐኪሙ በቀን ብርሃን መንዳት ይቻላል አለ። የግራው ዓይን ለጥር። እትዬ ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳቡ፣ መስታወቱን አስተካከሉ፣ እኔ ያቆሸሽኩትን መሪ በመሐረብ ጠረጉ። ከየካ እስከ ሲ.ኤም.ሲ በሰላም ነዱ። ሬዲዮ ዝግ። ጆሯችን ጎማው ላይ ነበር። ምንም የለም። ነፋስ ብቻ።

እኔ ግን ስንታጠፍ ሁሉ በሩን ይዤ ነበር። አይተውኛል። «አሁን ገባህ አጠገብህ ስቀመጥ የሚሰማኝ?» አሉ።


ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

የፈተና ወረቀት እያረምኩ። ሃኒ ተረኛ ናት። ከታች ጡሩምባ... የሌላ ሰው ጡሩምባ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ኮንዶሚኒየም ነው፣ ማን ማንን እንደሚጠራ አይታወቅም። ደግሞ ተነፋ። ከዚያ ስልክ።

«ታች ነኝ።»

«እማዬ!» አልኩ። እንዲህ የምላቸው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እኔም አላስታውስም። «ሃኒ ሥራ ላይ ናት። በአሥር ሰዓት ነው የምትወጣው።»

«ሃኒን ማን ጠየቀ? አንተን ነው። ቁልቁለት በማርሽ መውረድ አትችልም፣ ዛሬ ታየዋለህ። እንጦጦ እንወጣለን፣ ስንወርድ አንተ ነህ የምትነዳው።»

«ወረቀት እያረምኩ ነበር...»

«አምጣቸው። አሁን እኮ አያለሁ፣ እላይ ቁጭ ብዬ ነጥቡን እደምርልሃለሁ። እነዚህ ልጆችህ ደግሞ ሳያርፉ፣ ያለ አራት ነጥብ ነው የሚጽፉት አሉ፣ እስቲ ልያቸው።»

በመስኮት አየሁ። ነጯ ዲኤክስ በር ላይ ተገትራ፣ የጎረቤት ልጆች ከበዋት፣ እማዬ በጥቁር መነጽር ክንዳቸውን በመስኮት አውጥተው ወደ አራተኛ ፎቅ ያንጋጥጣሉ። ይህን ቶሎ ጽፌ ልነሳ ብዬ ነበር...

ደግሞ ጡሩምባ። መጣሁ፣ መጣሁ!